የምሰሶው ጣት

በመንደራችን በጎሎ ረንታ መሬት የሚከፈለው ከዳር ሳይሆን ከመካከል ነው። አዲስ እርሻ ሲወጣ በተመነጠረው ኮረብታ እምብርት ላይ አንድ ምሰሶ ይተከላል፤ በምሰሶው ዙሪያ ከአባቶች የወረስነው ከሐረግ የተጠማዘዘ ቀለበት ይነጠፋል፤ በቀለበቱ ጠርዝም ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ሦስት ጣት እየተለካ የቀርከሃ ችካል ይመታል። ከየችካሉ እስከ እርሻው ዳር ገመድ ሲሳብ ኮረብታው የሸረሪት ድር ይመስላል። በምሰሶው ዘንድ ሦስት ጣት የነበረው ድርሻ ዳር ሲደርስ አንድ ቤተሰብ የሚመግብ እርሻ ይሆናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ትንሽ በደል የሚባል ነገር የለም፤ በመካከል አንድ ጣት የተዛነፈ፣ ዳር ሲወጣ የቤት ስፋት ያህላል። በጸሎት ቤታችን ቆሜ ስለ ኃጢአት በማስተምርበት ጊዜ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አግኝቼ አላውቅም።

የሚለካው ሰው የምሰሶው አባት ይባላል። በእኔ ዕድሜ ይህን ማዕረግ የያዙት ጀላሁ ነበሩ፤ ጣታቸው ቀጭን፣ ፍርዳቸውም የቀና ሰው። ነገር ግን እርጅና ሲጫናቸው መገጣጠሚያቸው እንደ ዝንጅብል ሥር አበጠና ጣቶቻቸው እርስ በርስ መጋጠም ተሳናቸው። ልጅ ስላልወለዱ ከሟች ወንድማቸው ልጆች የአንዱን ጣት መዋስ ግድ ሆነባቸው። ጣቱን ያዋሰው ደግሞ ከእርሳቸው በኋላ የምሰሶው አባት እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

የወንድማቸው ልጆች ሁለት ናቸው፤ ታላቁ ሮፊኑስ፣ ታናሹ ቪታሊስ። ሮፊኑስ ክፉ ሰው አልነበረም። ቪታሊስ ትንሽ ሳለ በክረምት ወንዙን በጀርባው አዝሎ ያሻግረው የነበረው እርሱ ነው። ነገር ግን ያዘለው ልጅ ከጀርባው ወርዶ በራሱ እግር መሄድ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ፣ ዐይኑ ከእርሱ ላይ ተነሥታ አታውቅም። የቪታሊስ እሪያ ብዙ ስትወልድ የእርሱ ጥቂት ወለደች። ቪታሊስ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ የእርሱ ሣር ማፍሰስ ጀመረ። ቪታሊስ ሲቀልድ ሰው ይስቃል፤ ያንኑ ቀልድ እርሱ ሲደግመው ሰው ስለ ዝናብ ያወራል። አውራ ዶሮው እንኳ ጎህ ሲቀድ አጥር ዘሎ በወንድሙ ግቢ ነበር የሚጮኸው። ይህን ሁሉ የቻለው አንድ ነገር ስለ ጠበቀ ነው፤ ምሰሶው በታላቅነት ወደ እርሱ መምጣቱ እንደማይቀር ያምን ነበር።

አዲሱ እርሻ የተከፈለው ቅዳሜ ነው። እንደ ልማዱ ዶሮ ታርዶ ደሙ በምሰሶው ሥር ፈሰሰ፤ እኔም አቡነ ዘበሰማያትን አደረስሁ። ሮፊኑስ ጥልፍ ያለበትን ጥቁር ሽርጡን አሸርጦ፣ እጁን ታጥቦ ከፊት ቆሞ ነበር። ጀላሁ በበርጩማቸው ላይ እንደ ተቀመጡ በዐይናቸው በሕዝቡ መካከል ፈለጉና፣

«ቪታሊስ፣ ና ወዲህ። እጅህን አምጣ» አሉ።

ሮፊኑስ ከቆመበት ንቅንቅ ሳይል፣ «አጎቴ፣ ታላቁ እኮ እኔ ነኝ» አለ።

«ታላቅነትህን ማን ካደህ? በል እስኪ ጣትህን እዚህ አስቀምጣት።»

ሮፊኑስ ተንበርክኮ ሦስት ጣቶቹን በቀለበቱ ጠርዝ ላይ አኖረ። የጠራቢ እጅ ነው፤ ወፍራም፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ። ጀላሁ እጁንና ቀለበቱን አስተያዩ።

«አየህ ልጄ፣ ቀለበቱ አይሰፋም። በዚህ ከለካን ሁሉም ቤት ሳይዳረስ ክቡ ይሞላል። መጨረሻ የመጣችው ክሌመንቲና ናት፤ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ አገር የተመለሰች። እሷ የት ትዝራ?»

በመንደሩ ውስጥ አፉን መሰብሰብ የማያውቀው ሁበርት ከኋላ ጣልቃ ገባ።

«ሮፊኑስ ከለካማ ግማሾቻችን የምንዘራው ወንዙ ውስጥ ነው። ሩዙን ትተን ዓሣ እንጠብቅ።»

«ጣት ነው ደግሞ ይሄ? የሙዝ ዘለላ ነው እንጂ» አለ ሌላው።

ሕዝቡ ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር፤ ለሚስቁት ክፋት አልነበረበትም ማለቴ ነው። ቪታሊስ አንገቱን ደፍቶ ተንበረከከና ቀጫጭን ጣቶቹን ከቤት ወደ ቤት እያሸጋገረ ለካ። ሁሉም ተዳረሰ። የሚለካው ሰው ድርሻውን በመጨረሻ ስለሚወስድ፣ ከክሌመንቲና ቀጥሎ ለራሱ ሦስት ጣት ለካና ክቡ ገጠመ። ሽማግሌዎቹ በእርካታ ከሚያኝኩት ቅጠል የቀላ ምራቃቸውን ተፉ፤ ጀላሁም የቪታሊስን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት።

ሮፊኑስ ያንን መሳም ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዩስቲና ካሳቫ እየላጠች ነበር።

«ፊትህን ምን አጠቆረው?»

«ምንም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው በሩን እንዲህ አይገፋም። ጣቱን ሰጡት አይደል? ያንተን ቆርጠው አልሰጡት። ድርሻችን እንደሁ ከሁሉም እኩል ነው።»

«እኩል መሆኑ ነው የሚያመኝ።»

ዩስቲና ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ምቀኝነት ቢበላ ኖሮ በዚህ ቤት ረኀብ አይገባም ነበር» አለችና ወደ ልጣጩ ተመለሰች።

በማግሥቱ እሑድ ቄሱ ከታች ካለው ደብር በሞተር ብስክሌት መጡልን። ሰው ሁሉ ጸሎት ቤት ነበር፤ የሮፊኑስ መቀመጫ ግን ባዶ ነው። ሆዱን አመመው አለች ዩስቲና። ያን ጊዜ የት እንደ ነበረ እኔ ያወቅሁት በኋላ፣ ከራሱ አንደበት ነው።

ወደ አዲሱ እርሻ ወጥቶ ነበር። ለማየት ብቻ ነው የሄድሁት አለኝ፤ አምነዋለሁ፤ ሰው ወደ ጥፋት ሲሄድ መጀመሪያ የሚሄደው ለማየት ነው። በምሰሶው ዘንድ ቆሞ ችካሎቹን ተመለከተ። የራሱን ድርሻ ማስፋት ይችል ነበር፤ ግን መሬት አላሰኘውም። ያሰኘው የወንድሙ ስም ሲወድቅ ማየት ነው። ሌባ ለራሱ ይሰርቃል፤ ምቀኛ ግን ለሚቀናበት ሰርቆ ይሰጣል፣ የተሰረቀው በእጁ ላይ እንዲገኝ።

በክሌመንቲናና በቪታሊስ ድርሻ መካከል ያለችውን ችካል መረጠ። በመበለቲቱ በኩል ትንሿን ጣቱን ከችካሏ ጎን አስተኛ፤ ችካሏን ነቀለ፤ ከጣቱ ወዲያ ማዶ መልሶ መታት። በዐይን ገምቶ ቢያደርገው ኖሮ ይሻለው ነበር። ነገር ግን በእኛ አገር ችካልን በዐይን መትከል ነውር ነው፤ ጣት ሳያስተኛ ችካል የሚመታ ሕፃን እንኳ የለም። ልቡ ሕግ ሲያፈርስ እጁ ሕግ ጠበቀ። አሮጌውን ቀዳዳ በአፈር ደፈነና በመዳፉ ጠፈጠፈው።

ይህን ሲያደርግ የመዝሙሩ ድምፅ ከታች ይሰማው ነበር። የሚመራው ቪታሊስ ነው። «ከሁሉ ድምፅ የእሱን ለየሁት» አለኝ፤ «እዚያም ቢሆን ከፊት እሱ ነበር።»

ሰኞ ገመድ ተሳበ። ሮፊኑስ በምሰሶው ዘንድ ተቀምጦ ገመዶቹን ከችካሎቹ ላይ የማሰሩን ሥራ ሳይታዘዝ ወሰደ፤ ሌላው ሕዝብ ከታች በዳሩ ላይ ተበትኗል። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የክሌመንቲና ድምፅ ከዳር ተሰማ።

«የእኔ ዳር ምነው ጠበበ? ከሁበርት ዳር ጋር አስተያዩት እስኪ።»

አስተያዩት። የክሌመንቲና ዳር ከጎረቤቶቿ ሁሉ በብዙ አንሶ ተገኘ፤ ከእርሷ ቀጥሎ ያለው የቪታሊስ ዳር ግን ሕዝቡ እንደሚሰበሰብበት የከበሮው ቤት ግቢ ተንጣሎ ነበር። ከዚያ ሁበርት፣

«ጣቱ ቀጭን ነው ስንል ከርመን፣ ለካ ለሰው ኪስ የተሠራ ኖሯል» አለ።

«የለካ ወሰደ» አለ ሌላው። «ከማን? ከመበለት።»

ቪታሊስ ሽቅብ ሮጦ ወደ ምሰሶው መጣ፤ ችካሏንም ሲያይ ቀለሙ ተለወጠ። «ይህችን እዚህ አልመታሁም» አለ። ግን ክስ የተነሣበት ምሰሶ በሽማግሌዎች ፊት ካልሆነ አይነካምና እጁን መለሰ። ከዚያ ገመዱን ይዞ ወደ ተቀመጠው ወንድሙ ዞረ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተስ ታምናለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ሮፊኑስ ቋጠሮውን እያጠበቀ። «ጣቱ ያንተ ነው።»

ሮፊኑስ ይህን ሰዓት ሲመኘው ኖሯል፤ ሰዓቱ ሲመጣ ግን ጣዕም አልነበረውም። ሰዎቹ እያጉረመረሙ ሲወርዱ ተከትሎ ወረደ፤ እያንዳንዱን የስድብ ቃል እንደ ስኳር ሊመጥ ጆሮውን አቁሞ ሳለ፣ የክሌመንቲናን ድምፅ ሰማ።

«ቪታሊስ አይደለም። ሲለካልኝ ዐይኔን ከጣቱ ላይ አልነቀልሁም። ሌላ ነገር አለ።»

የተሰረቀችው እርሷ ራሷ ጠበቃው ሆነች። ሮፊኑስ በልቡ እንዲህ አለ፦ እኔ ብሆን ሳልሰርቅ ሌባ ይሉኝ ነበር፤ ለእሱ ግን የተሰረቀው በእጁ ላይ ተገኝቶ እንኳ ሌላ ሌባ ይፈልጉለታል።

በዚያው ምሽት የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ወረደ፤ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በምሰሶው ዙሪያ ሲቀመጡ ምድሩ ገና ይተን ነበር። ጀላሁን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። ሁበርት ጎንበስ ብሎ ችካሏን ሲመረምር፣ «ኧረ እዩ» አለ።

ዝናቡ የላላውን አፈር አስምጦት ነበር። ከችካሏ አጠገብ፣ በቪታሊስ ድርሻ በኩል፣ አሮጌው ቀዳዳ አፉን ከፍቶ ይታያል።

«እንግዲህ የለካው ሲለካ አልተሳሳተም፤ ችካሏ በኋላ ተነቅላለች» አሉ ጀላሁ። «የነቀላት ማን እንደ ሆነ ምሰሶው ያውቃል፤ እግዚአብሔርም ያውቃል። የምንጠይቀው የለካውን ነው። ቪታሊስ።»

ቪታሊስ ተንበረከከ። እኔ ለጸሎት ከምሰሶው አጠገብ ስለ ቆምሁ የሆነውን ሁሉ አይቻለሁ። በቀዳዳውና በችካሏ መካከል ትንሿን ጣቱን አስተኛት፤ ቦታ ተረፋት። መካከለኛ ጣቱን ሞከረ፤ አሁንም ቦታ ተረፈ። ጥቂት አሰበና ቀና ብሎ አየ። ያየው የሰው ፊት አልነበረም፤ በሮፊኑስ ጉልበት ላይ ያረፈውን እጅ ነው። ከአንድ ትሪ አብረው በልተው ያደጉ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ጣት ከራሱ ይልቅ ያውቃል።

ከዚያ ቪታሊስ እርጥቡን አፈር በመዳፉ አንድ ጊዜ ጠራርጎ ቀዳዳውን አጠፋውና፣

«እኔ ነኝ» አለ። «ከለካሁ በኋላ ተመልሼ አነሣኋት። ጣቴን አንሡብኝ፤ ለሌላ ስጡት።»

ጀላሁ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው ደክሟል።

«ያለኸውን ሰምተናል። የምሰሶው ጣት ከዛሬ ጀምሮ የሮፊኑስ ነው።»

ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ቃል ይህ ነበር። ሮፊኑስ ቀና ብሎ የሕዝቡን ፊት ፈለገ፤ ሲያዩት ሊያያቸው። አንድም ሰው አላየውም። የሁሉም ዐይን ቪታሊስ ላይ ነበር። ክሌመንቲና ተነሥታ መጥታ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ብትቸገር ነው እንጂ አንተ አታደርገውም» አለችው። «ብትነግረኝ ኖሮ ራሴ እሰጥህ ነበር። ልጆቼ ትንንሾች ናቸው፤ ገና አይበሉም።»

አንዳንዶች ዐይናቸውን ጠረጉ። ሁበርት ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ የጎረቤቴን ዶሮ በልቼ ላባው ጢሜ ላይ እያለ የካድሁ ሰው ነኝ» አለ። «ይኸው ሰው ሲያምን አየሁ። ሌባ ነው፤ ግን ከኛ ይሻላል።»

«ይሻላል» አሉ ሁለት ሦስት ድምፆች።

ይህች ቃል ናት የጣለችው። ሮፊኑስ በመሬት ተበልጦ ችሏል፤ በቆርቆሮ ተበልጦ ችሏል፤ በጣትም ተበልጦ በደል ሠርቷል። አሁን ግን ወንድሙ በበደልም በለጠው፤ ያውም በራሱ በሮፊኑስ በደል። በዚያች ደቂቃ ስለ መበለቲቱ አላሰበም፤ ስለ እግዚአብሔርም አላሰበም፤ ያለውን ነው የምነግራችሁ። የታየው ቪታሊስ ብቻ ነው፤ ተዋርዶ ሳለ ከሁሉ ከፍ ብሎ።

«ይዋሻል» አለ ሮፊኑስ። «እኔ ነኝ።»

ጀላሁ ዐይናቸውን ገለጡ። «ሁለት ሌባ ለአንዲት ችካል በዛ። ማነው እውነቱን የሚናገረው?»

«እኔ ነኝ አልኋችሁ። እሑድ፣ እናንተ ስትዘምሩ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ተው» አለ ቪታሊስ ቀስ ብሎ።

«አንተ ዝም በል። ደግሞ ይህን ልትወስድብኝ ነው?»

ጀላሁ በትራቸውን ወደ ችካሏ ቀሰሩ። «እንዴት አድርገህ እንዳነሣሃት፣ እንዲያው አድርገህ መልሳት።»

ሮፊኑስ ተንበረከከ። በቪታሊስ ድርሻ በኩል ትንሿን ጣቱን ከችካሏ ጎን አስተኛ፤ ችካሏን ነቀለ፤ ከጣቱ ማዶ አኑሮ በድንጋይ መታት። እርጥቡ አፈር ያለ ድምፅ ዋጣት፤ ወደ ኖረችበት ቀዳዳ ነው የገባችው።

«ቪታሊስ፣ ጣትህን አምጣ።»

ቪታሊስ በመበለቲቱ ድርሻ ላይ ሦስት ጣቶቹን ከችካል እስከ ችካል አስተኛ። አንዲት ክር የምትገባበት ክፍተት አልቀረም። ሁሉም አየ። ሁበርት እንኳ ዝም አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ሮፊኑስ አንድ እሪያ ከዘንባባ ጠላ ጋር ወደ ከበሮው ቤት ያገባል፤ ሁሉም ከዚያ በልቶ ጠጥቶ ነገሩን አያነሣም። ምሰሶው የቪታሊስን ጣት ይዞ ይቀጥላል። ጀላሁ ይህን ከተናገሩ በኋላ ሮፊኑስን ወደ ጎናቸው ጠሩትና፣ «መለካት ፈልገህ ነበር፤ ለካህ። ጣትህ ልክ ነበረች» አሉት። ማጽናናታቸው ይሁን መቅጣታቸው እኔ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ሕዝቡ ሲበተን ሁለቱ ወንድማማቾች ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው ነበርሁ።

«ለምን አደረግኸው?» አለ ሮፊኑስ።

«አንተ ለምን አደረግኸው?»

«እኔ የማደርግበት ምክንያት አለኝ። አንተ ምን አለህ? ኃጢአቴን እንኳ ለብቻዬ አትተውልኝም?»

ቪታሊስ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ፣ «ወንዙን ስታሻግረኝ ምን አለህ ብዬህ አውቃለሁ?» አለው።

ሮፊኑስ እርምጃውን አፍጥኖ ቀደመው። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ቪታሊስ ጥጉን ይዞ አሳለፈው።

እሪያው ታርዶ ተበላ። ሁበርት ከሁሉ አብልጦ በላ፤ ነገሩንም በቃሉ መሠረት አላነሣውም፤ ሁለተኛ ሳሕን ሲጠይቅ ብቻ «ወፍራም ጣት ወፍራም እሪያ ያሳድጋል» ብሎ ዩስቲናን አሳቃት። ዘር ተዘራ፤ ዝናቡም በጊዜው መጣ።

ሩዙ ከጉልበት ከፍ ባለ ጊዜ ሮፊኑስ ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠብቆ ወደ እኔ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል።

«መምህር፣ ያ ቀን ያመንሁት እኮ ተጸጽቼ አይደለም። እሱን ሲያመሰግኑት መስማት አቅቶኝ ነው። እንዲህ ያለ ኑዛዜ ይቆጠራል?»

ለዘመናት ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ግን ኀዘን ያላመጣውን እውነት ቅናት ሲያመጣው ከዚያ በፊት አላየሁም። ቄሱ ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን ልለው ነበር፤ ይህ ግን ሽሽት መስሎ ታየኝ።

«ችካሏ ቦታዋ ላይ ናት?» አልሁት።

«ናት። ሳልፍ ሁልጊዜ አያታለሁ።»

«እንግዲያው ከዚያ እንጀምር። በክፉ ልብም ቢሆን የተመለሰች ችካል ተመልሳለች። ልቡን ደግሞ ቀስ እያልን እንመልሰዋለን።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ እስከ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ቆሞ ጭጋጉ ወደሚነሣለት ኮረብታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«የእሱ ሩዝ ግን ከእኔ ቀድሞ ዘለላ አውጥቷል» አለ። «አይተውታል?»